ለሳላሀዲን የተስማማው ክኒን

ዘይኑዲን ሴራሚክ አንጥፎ የሚያድር ሰው ነው። ካዛንቺስ ከበቀሉት ሕንፃዎች ውስጥ የአንዳንዶቹን ወለል ተንበርክኮ ያለበሰው እሱ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ጠልሐ ልቡ ድንገት ቀጥ ብሎ በሞተ ሰሞን ዘይኑዲንም ተመረመረና ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ክኒን ታዘዘለት። ጥቂት ሳምንታት እንደዋጠ ጭኖቹ ይጠዘጥዙት ጀመር። መስጊድ ሲሰግድ ከሱጁድ ለመነሳት መሬቱን በሁለት እጁ ይገፋል፤ ኋላም ወንበር ይዞ ከሽማግሌዎቹ ጎን መስገድ ጀመረ።

የሚስቱ ወንድም ሳላሀዲን ያንኑ ክኒን ይወስዳል። ምንም ሆኖ አያውቅም።

"አንተ በቃ አርጅተሃል" ይለዋል። "እኔን እየኝ፣ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ድረስ በእግሬ ነው የምሄደው።"

"ክኒኑ ይሆን እንዴ እላለሁ።"

"ክኒኑ ቢሆን እኔን ይምረኝ ነበር? ማለቴ፣ እኔ ከምን የተሠራሁ ነኝ?"

ይህ ዘይኑዲንን አሳመነው። ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዱን ያልጎዳ ሌላውን ምን ያደርገዋል? ደግሞም ክኒኑን ቢያቆም ጠልሐን የሚከተል ይመስለዋል። ስለዚህ እያመመውም ዋጠ። ሥራው በመጓተቱ አሠሪው በሌላ ሰው ሊተካው ማሰቡን ሲሰማ ግን ሕክምና ሄዶ ለወጣቷ ዶክተር ለጽገረዳ ሁሉንም ተናገረ።

"ሳላሀዲን ያሉኝ ሰው ምንዎ ነው?"

"የሚስቴ ወንድም።"

"እሱማ በሥጋ አይገናኝዎትም። ከእህት ከወንድም ይህን ክኒን የወሰደ አለ?"

ሰንጋ ተራ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ሳዲያ ትዝ አለችው። እዚያው ደወለላት።

"እታለም፣ የኮሌስትሮሉ ክኒን ጭንሽን አሞሽ ያውቃል?"

"ማን ነገረህ?"

እሷም ክኒኑን በዚሁ ሕመም የተወችው ከዓመታት በፊት ነው። ልጆቿ እንዳይቆጧት ፈርታ ለማንም ሳትናገር ቀረች።

"መድኃኒቱ ከደም ወደ ጉበት የሚገባበት በር አለ በሉ" አለች ዶክተሯ። "አንዳንድ ሰው ጠባብ በር ከወላጆቹ ይወርሳል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ጡንቻ ያሳምማል። የእርስዎም ይህ ይመስለኛል፤ ቁርጡን የሚነግረን የዘረመል ምርመራ ግን እዚህ የለንም።"

"ሳቆመው ብሞትስ?"

"የሚያቆሙት ሌላ እስክንቀይርልዎ ነው። ኮሌስትሮሉን አንተወውም።"

የደም ምርመራው ጡንቻው መጎዳቱን አሳየ። ለጥቂት ጊዜ አረፈና ሌላ ዓይነት ክኒን፣ በትንሽ መጠን ተጀመረለት። ሕመሙ ቀስ እያለ ለቀቀው። አሁን ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ሴራሚክ እያነጠፈ ነው።

በቀደም ሳዲያን ሐኪም ቤት ሊወስዳት ሥራውን አቋርጦ ቤቷ ሄደ። ገና በሩን እንደከፈተችለት፣

"እኔ ሐኪም ቤት አልሄድም፣ ዘይኑ" አለችው። "ደግሞ ሌላ ክኒን ሰጥተው እግሬን ሊያስሩኝ ነው።"

"እኔን አላሰሩኝም።"

ቁልቁል ደረጃውን አየች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው።

"የደረጃውን ብረት ሳትይዝ ነው የወጣኸው?"

"ሳልይዝ።"

ጭኖቹን አየቻቸው። ከዚያ ተከናንባ የምትወጣበትን ሻሿን ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች።