የአያ ኪሮስ ግራ እጅ

ባለፈው ሳምንት ሥዕል የምትማረው የልጅ ልጄ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘርግታ ስትገልጥልኝ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያላየሁት ሰው ብቅ አለ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተሳለ፣ ጥቁር ካባ የደረበ የጣሊያን ሊቅ። ደነገጥኩ።

ሰቆጣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህር ተስፋዬ ይህንኑ ሥዕል ከራሳቸው መጽሐፍ ያሳዩን ነበር። «ሥዕል እንደ ፊደል ይነበባል» ይሉናል። እሳቸው እንዳነበቡልን፣ ሊቁ ቀኝ እጁን በመጽሐፍ ገጾች መሀል አስገብቷል፤ ንባቡን አቋርጠንበታል ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ የጠወለገ አበባ አለ፤ እውቀትም ቢሆን ዕድሜን አያስቆምም። እኔ ተነሥቼ፣ «ግራ እጁን ከካባው ሥር ደብቋል፤ ዓይኑም ይሸሸናል። የሚሰውረው ነገር አለው» አልኩ።

«ጎበዝ! አንቺስ ሰው ታነቢያለሽ» አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም።

በጥቅምት የመምህር ተስፋዬ መጽሐፍ ጠፋ። ርእሰ መምህሩ ክፍላችን ገብተው «የምትጠረጥሩት አለ?» ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ፤ የዘበኛውን የአያ ኪሮስን ስም ጠራሁ። ከሰቆጣ በታች ካለው ቆላ፣ ከዝቋላ የመጡ፣ አማርኛቸው እንደ አገራቸው ቋንቋ ኻምጣኛ ኻምጣኛ የሚል፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

«ሰው ቀና ብለው አያዩም። ግራ እጃቸውም ሁልጊዜ ጋቢ ውስጥ ነው» አልኩ።

አስጠሯቸው። «እጅዎን ያውጡ!»

አያ ኪሮስ ጋቢያቸውን ገለጡ። ከአውራ ጣት በቀር ጣት አልነበራቸውም።

«እሳት ነው» አሉ። «ልጆቹ እንዳይፈሩ ብዬ ነው የምሸፍነው።»

ማንም አላባረራቸውም። በማግሥቱ ግን አልመጡም። መጽሐፉ ከሳምንት በኋላ እዚያው ርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ ከካርታዎች ሥር ተገኘ።

በኅዳር፣ ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ገበያ ውስጥ ማር ሲሸጡ አየኋቸው። መንገዱ የአህያና የአቧራ ነበር፤ ተከልዬ ላልፍ ስል ቀድመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ትምህርቱ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው።»

«መጽሐፉስ ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«እሰይ! እግዜር ይመስገን» አሉና ነጩን ማር ከነሰፈፉ ቆርሰው ሰጡኝ።

«ይቅር ይበሉኝ» ማለት ምላሴ ላይ ነበረ። ማሩን በላሁ፤ ሄድኩ። ጓደኞቼ ጠርተውኝ ነው እያልኩ ለራሴ ስዋሽ ኖሬያለሁ። ማንም አልጠራኝም።

አሁን ዕድሜዬ ያኔ አያ ኪሮስ ከነበሩበት ዕድሜ አልፏል። ዝቋላ ወርጄ እሳቸውን ባላገኝ እንኳ ልጆቻቸውን ላፈላልግ ብዬ ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ኪሮስ የሚባል ሰው ግን እዚያ አገር ብዙ ነው፤ የአባታቸውን ስም አላውቅም። ያኔ ስከሳቸውም አላውቅም ነበር።