አባቴና የዘገየችው ቶርኖ

ዛሬ ጠዋት ከየካ አባዶ ስመጣ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቱታ የተቃጠለ ዘይትና የጋለ ብረት ይሸት ነበር። ሌላው ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት እኔ ጠጋ አልኩ። ምን ላድርግ፣ የአባቴ ሽታ ነው።

ያኔ ቤታችን የካ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። አባቴ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ቶርኖ ነበረችው፤ ብረት እያሽከረከረች በምላጭ የምትቀርጽ። ለሰፈሩ ሰው የማሽን ዘንግና ዘንጉ የሚዞርበትን የብረት ቀለበት ያወጣባታል። ከታመመ በኋላ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን ምላጩ ብረቱን ነከሰና የሚሠራውን ቁራጭ በጆሮው አጠገብ አስፈነጠረው። እናቴ በነጋታው፣ "ገዢ ፈልጊላት፤ እኔ ባሌን በብረት አላስበላም" አለችኝ። አባቴ ሰማ፤ ጨርቅ አንስቶ ቶርኖዋን ሊወለውል ወደ ጓሮ ወጣ። ቶርኖዋ ከወጣች እሱም አልጋ ላይ እንደሚቀር አውቅ ነበር። እናቴም ታውቃለች፤ ከሚሞት አልጋ ላይ ቢቀር መምረጧ ነው።

እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰሞን ነኝ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። የቶርኖዋ ዝቅተኛው ፍጥነት እንኳ ለእሱ እጅ ይፈጥናል። ፍጥነቷን ቀንሼ ጉልበቷን ብጨምር፣ እጁ ሲስት የሚያርምበት ጊዜ ያገኛል አልኩ። ለአንተ ብዬ ነው ብዬ ግን እንዴት እነግረዋለሁ? ስለ እጁ መንቀጥቀጥ ቤታችን ውስጥ ማንም ተናግሮ አያውቅም።

ወር በገባ በሃያ አንድ እንጦጦ ማርያም የመውጣት ልማድ ስለነበረው ያን ቀን ጠበቅኩ። በሞተሩና በቶርኖዋ መሃል ተጨማሪ ዘንግ አቆምኩ፤ ከሞተሩ ትንሽ መዘውር ወደ ትልቅ የዋንዛ መዘውር፣ ከዚያ እንደገና ከትንሽ ወደ ትልቅ። መዘውሮቹን የሚያያይዘውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ከሰፈራችን ወፍጮ ቤት ለመንኩ። ሳድግ እዚያ ያየሁት ቺንጋ ሁሉ እንደ ስምንት ቁጥር የተጠማዘዘ ነበርና፣ እኔም ጠምዝዤ አሰርኩት።

የተጠማዘዘ ቺንጋ ዙሩን ይገለብጣልና፣ ሳስነሳት ወደ ኋላ ዞረች። እንደ ብሎን በጥርስ የታሰረው፣ የሚሠራውን ብረት የሚጨብጠው ከባዱ መያዣ ተፈትቶ ወደቀና እስከ በሩ ተንከባለለ። በሩ ላይ አባቴ ነጠላውን እንዳጣፋ ቆሟል። ለካ የሰፈር ሰው በመኪና ስላደረሰው ቀድሞ መጥቷል።

መያዣውን አየ፣ ቺንጋውን አየ፣ እኔን አየ።

"ልጄ፣ በርበሬ ልትፈጪ ነው?"

ሳቄን ልውጠው ብል አልቻልኩም። እሱም ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቺንጋውን በራሱ እጅ አቃናው። መያዣውን አብረን መልሰን ስናስነሳት በቀስታ ዞረች፤ እንደ ድሮው አታፏጭም፣ ታጉረመርማለች።

"ለምንድን ነው ያዘገየሻት?"

"ወፍራም ብረት እንድትችል ነው፣ አባዬ።"

"ጥሩ። ወፍራም ብረት እስኪመጣ እኔ ቀጭኑን ልሥራባት።"

እናቴ ከደጅ ሆና የቶርኖዋን ድምፅ አዳመጠችና ስለ ገዢ ማውራት ተወች።

እስኪያርፍ ድረስ አራት ዓመት ሠራባት። አሁን ድረስ ይናፍቀኛል። በእነዚያ ዓመታት ወፍራም ብረት ይዘው የመጡ ሁለት ደንበኞችን "አንሠራም" ብዬ ከበር መልሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አባቴ ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። እንዳጎነበሰ ሥራውን ቀጠለ እንጂ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።