መሪጌታ አንገት ላይ የገባችው እንጨት

ተጓዦቹ እነዚህ ነን። አንደኛ እኔ፣ ቢቸና ላይ የእህል ወፍጮ ያለኝ፣ ፊደልን ከስኳር ከረጢትና ከአሮጌ ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ መጨረሻው ከተቀደደ መዝገበ ቃላት የለቀምኩ ሰው። ሁለተኛዋ ልጄ ትርንጎ፣ በታሪክ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ያጣች። ሦስተኛው ለትርንጎ ሀሁ ያስቆጠሯት የቅኔ መምህር ጎረቤታችን መሪጌታ ልሳነወርቅ። አራተኛው ሾፌራችን ሰይድ፣ የሞጣ ልጅ። አምስተኛዋ አብራን አልተጓዘችም፤ ሞጣ ላይ ነው ያገኘናት። ሐያት ትባላለች፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው።

ቢቸና፣ ጎህ ሲቀድ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመናኸሪያው ጠይቀን ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ ገብተን ስናይ መኪናው ግማሹ ባዶ ነው። ሂሳቡ በሰው ሦስት መቶ ብር።

ትርንጎ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ማስረጃዎቿን በፕላስቲክ ማኅደር ይዛለች። ሞጣ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጽፍም፣ ፈተናውን አልፈሻል ብሎ ጠርቷታል። የቀረው ውል መፈረም ብቻ ነው። ገና ሳይነጋ መክሬያታለሁ፦ «አለቃሽ ያለሽን ፈጽሚ። ምላስሽን ያዢ። ሥራ የሚጠፋው በምላስ ነው።»

«እሺ አባዬ» አለች። እሺታዋ አጭር ሲሆን አላምናትም።

መሪጌታ እህታቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። «እግረ መንገዴን» አሉ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ «ያስቆጠርኳት ልጅ ሌላውን ልታስቆጥር ስትፈርም ልይ።»

ወደ ደብረ ወርቅ

ጥቅምት ነው። ጤፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ከማሳው ዳር ቆሞ የአጨዳውን ቀን ይገምታል። ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈትሸናል። መሪጌታ ሁለቱንም ጊዜ ፈታሾቹን መርቀው ነው የተሳፈሩት።

ልጄ ምን እንደምታስተምር በወጉ ጠይቄያት እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ብዙ አባት እንዲህ ነው፤ ክፍያውን ይጠይቃል፣ ትምህርቱን አይጠይቅም። ስጠይቃት የመመረቂያ ጽሑፏ እንግሊዞች በአገራቸውና በገዙት አገር ስላቋቋሙት ትምህርት ቤት እንደነበር ነገረችኝ።

«እንግሊዝ አገር ድሮ ድሃውን ልጅ ያስተምር የነበረው ቤተ ክርስቲያን ነው» አለች። «እንደ መሪጌታ ያለ ማለት ነው። መንግሥት ዘግይቶ ገባ፤ መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ መደጎም ብቻ ነበር። በኋላ ደግሞ ተቆጣጣሪ እየላከ፣ ስንት ልጅ ፈተና እንዳለፈ ቆጥሮ በዚያው ልክ መክፈል ጀመረ። መምህሩም ተቆጣጣሪው የሚጠይቀውን ብቻ ማሸምደድ ያዘ።»

«ለበግ እንኳ እንዲህ አይደረግም» አሉ መሪጌታ።

ቀጠለች። ዌልስ የምትባል የራሷ ቋንቋ ያላት የብሪታኒያ ክፍል አለች። እዚያ አንዳንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በአገሩ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ቁራጭ እንጨት ይንጠለጠልበታል። ሌላ ተናጋሪ ሲሰማ ለዚያኛው ያስተላልፋል። ሲመሽ እንጨቱ የተገኘበት ይገረፋል።

«ማን ነው ያዘዘው?» አልኳት።

«ማንም። ሕግ አልነበረም። መምህራኑ ናቸው ያደረጉት። ወላጆችም ብዙዎቹ ዝም አሉ፤ ልጄ እንግሊዝኛ ካወቀ እንጀራ ያገኛል ብለው።»

ህንድ ላይ ደግሞ እንግሊዞቹ ጥቂቱን ሰው በእንግሊዝኛ አስተምረው ጸሐፊና አስተርጓሚ እንዲሆናቸው አደረጉ። ጎረቤታችን ኬንያም ያች የአንገት ምልክት ደርሳለች። ሕፃናት በእናታቸው ቋንቋ ይጀምሩ የሚል መመሪያ በወረቀት ላይ ነበር፤ ሥራውና ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወረቀቱን የሰማው የለም።

ሰይድ በመስታወቱ አየን። «ታዲያ ምን ክፋት አለው? ተምረዋል አይደል? የኔዋ ሐያት እናንተ የምትሄዱበት ነው የምትማረው። እንግሊዝኛዋን ብትሰሟት ጋሼ! ቤት ስትገባ እንኳ ቃል አይወጣትም። ድሮ እንደ ወፍ ነበር የምትንጫጫው። ትምህርት ሰው ያደርጋል።»

ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ ጠጣን። ሰይድን በልቤ ደግፌዋለሁ። አንዲት ቁራጭ እንጨት የልጄን ደመወዝ እንድታስቀርብኝ አልፈለግሁም። መቼም እኛ የገዛን የለም፤ ታሪኩ የሌላ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ሞጣ፣ ቀትር ላይ

ጉንደወይንን አልፈን ሞጣ ስንደርስ ፀሐዩ በርትቷል። ትምህርት ቤቱ ቀለሙ አዲስ፣ ግቢው የተጠረገ ነው። ልጆቹ ዕረፍት ላይ ናቸው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ከአጥሩ ሥር ቆማለች። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር የታሰረ ትንሽ እንጨት አለ።

መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል። ክሩን ማተብ፣ እንጨቱንም መስቀል አድርገው አዩት። ፊታቸው በራ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ማተብሽን በግልጽ! እስቲ ልሳለመው» ብለው አጎነበሱ።

ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ እንጨቱን ከአንገቷ አውጥታ በተጎነበሰው በመሪጌታ አንገት አጠለቀችና እየሳቀች ሮጠች።

ጥበቃው ደነገጠ። «አባቴ ይቅር ይበሏት፤ ሕጉ ነው። አማርኛ የተናገረ ያጠልቃል፣ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ሲመሽ የተገኘበት አሥር ብር ይከፍላል። እርስዎ በአማርኛ አናገሯት።»

እንጨቱን አገላብጬ አነበብኩላቸው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ «ዛሬ አማርኛ ተናግሬያለሁ» ይላል።

«እውነት ነው» አሉ መሪጌታ። «ነገም እጨምራለሁ።»

ትርንጎ አልሳቀችም። ማኅደሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ እንጨቱን ብቻ ታያለች።

ርእሰ መምህሩ ወጣት፣ ትሑት ሰው ነው። መሪጌታን እንዲያ ሆነው ሲያይ ላብ አጠመቀው። «አባታችን፣ በጣም ይቅርታ! ሐያት ሰይድ ናት አይደል? ልጅ ናት…» መሪጌታ ንግግሩን አላስጨረሱትም። ክሩን አውልቀው ወደ አንገቱ ዘረጉ።

«አማርኛ ተናገርክ ልጄ። ሕግ ነው።»

«እንዴ! ይሄማ ለተማሪ ነው!»

«እኔም ተማሪ ነኝ፤ ቅኔ አያልቅም። ግድ የለም፣ እኔው ጋ ይዋል።» መልሰው አጠለቁት።

ቢሮው ስንገባ ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ደመወዙ ከሰማሁት በላይ ነው። ከግዴታዎቹ አንዱ መምህሩ የዚህችን እንጨት ሕግ በክፍሉ እንዲያስፈጽም ይላል። ትርንጎ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ልጆቹን እንግሊዝኛ ቀን ከሌት አስተምራለሁ፣ ይህን ግን አላንጠለጥልም አለች። ሰውየው በአማርኛ መለሰላት።

«እኔም አልወደውም እህቴ። አምና ለጥቂት ወር ትተነው ነበር። ወላጅ ልጆቻችን አማርኛ ሊያወሩ ነው ወይ የምንከፍለው ብሎ ስብሰባ ጠራን። ልጆቻቸውን ያስወጡም አሉ። ለአንቺ ብቻ ላነሳው አልችልም።»

እኔ በዓይኔ ፈርሚ አልኳት። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው መስዬ እንዳልታይ ነው። ሁለት ዓመት ሥራ አጥታ የተቀመጠች ልጅ ያለችው አባት በዓይኑ ሌላ ምን ይላል? አየችኝ፤ ገብቷታል።

«እኔ ክፍል ገብቼ ይህን ታሪክ ሳስተምር» አለችው፣ «ከፊት ወንበር አንዷ አጥልቃው ትቀመጣለች። ምን ልበላት?» ሳትፈርም እስክሪብቶውን በውሉ ላይ አስተኝታ ተነሣች።

ሰውየው እስከ በር ሸኘን። መሪጌታ ለጥበቃው አሥር ብር ቆጥረው ሰጡ። «እንጨቱስ አባቴ?» ሲላቸው፣ «ከፍዬበታለሁ» ብለው ወጡ።

እህታቸው ሰፈር ደርሰን ተመልሰን፣ ምሳ ሽሮ በላን፤ በሰው መቶ ሃምሳ። ነገሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «መሪጌታ፣ እርስዎስ ልጆቹን በአለንጋ ገርፈው የለም?»

«ገርፌአለሁ፤ ጥሩ አላደረግሁም» አሉ። «ግን ዜማ ሲስት እንጂ የእናቱን ቃል ሲናገር አልነበረም። ማተብ የሚታሰረው ማን እንደሆንክ እንዳትረሳ ነው። ይሄኛው እንድትረሳ ነው።»

መልስ፣ አመሻሽ

ሰይድ እንደገና ሞልቶ ይመለሳል። ገና ስንገባ «እንኳን ደስ አለሽ መምህርት!» አላት። ዞር ሲል እንጨቱን መሪጌታ አንገት ላይ አየ። መሪጌታ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩት። ልጁ ሐያት እንዴት እንዳጠለቀችላቸው ሲናገሩ ፈገግ አለ፤ ብቻዋን ከአጥር ሥር ቆማ እንደነበር ሲናገሩ ግን የከፈተውን ዘፈን ዘጋው።

በመስታወቱ አየኝ። «ቤትም ዝም የምትለው… እኔ እኮ ትምህርቱ ገባት ብዬ ነው። ስብሰባው ላይም እጄን አውጥቼ ነበር ጋሼ። እንዳይነሣ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።»

እኔም ዛሬ በዓይኔ እጄን አውጥቻለሁ።

ደብረ ወርቅ ላይ መኪናውን አቁሞ ወደ መሪጌታ ዞረ። «ይስጡኝ። ነገ ቤቴ ስገባ አንገቴ ላይ አጥልቄ ነው በሩን የማንኳኳው። እስቲ ትሳቅብኝ፤ ከሳቀች ታወራለች።» መሪጌታ አውልቀው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ሂሳቡን ግን አልቀነሰልንም፤ ነዳጅ ውድ ነው።

ቢቸና ስንገባ መብራት ጠፍቶ ነበር። ትርንጎ ነጭ ሸሚዟን አጣጥፋ፣ «ነገ ወፍጮ ቤት እኔ ልክፈት አባዬ» አለችኝ። ምላስሽን ያዢ ያልኳትን አስታውሼ ምላሴን ያዝኩ።

የሦስታችን ደርሶ መልስ አንድ ሺህ ስምንት መቶ፣ ምሳ አራት መቶ ሃምሳ፣ ሻይ ስልሳ፣ የመሪጌታ አማርኛ አሥር። የትርንጎ ደመወዝ ሳይቆጠር፣ ጠቅላላ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ብር።