በተሸፈነ ዐይን አንደኛ

ባለሜትሯ ይሏታል፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው። በሸሚዝ ፋብሪካው የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ቆማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ጥፋት ስትፈልግ ኖራለች፤ ለዚያውም ደመወዝ እየተከፈላት። ብዙዎቻችን ይህንኑ ሥራ በነጻ ነው የምንሠራው። ሸሚዙን ትገለብጣለች፤ አውራ ጣቷን ከብብቱ እስከ ጫፉ በስፌቱ ላይ ታስኬዳለች፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጎተት ታደርጋለች። ደኅና ከሆነ በደረት ኪሱ «ተቆጣጣሪ ቁጥር 4» የምትል ጣት የምታህል ወረቀት ትከታለች። ካልሆነ ወደ ሰፊው ይመለሳል፤ ሰፊውም በልቡ ይረግማታል።

ሰው ታምናለች ብሎ የሚያማት የለም። ዳቦ ስትገዛ እንኳ ገልብጣ ሥሩን ታያለች። ለጋብቻ የጠየቃት ቀን የሰውዬውን ኮት ገበር ገልብጣ አይታ «ይሁን» አለች ይባላል፤ ባሏም አላስተባበለም።

ይህ ባል ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው። ወገቡ ከሥራ ካሰናበተው ወዲህ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩ ላይ ጡብ ሲደረድር ይውላል። ጌሙን የሠራው ሰው፣ ሰው ከሠራው ማለቴ ነው፣ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ከመክሰስ በፊት እንደጨረሰው ያስታውቃል። ጡቡ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ግድግዳው ያለ መሠረት ይቆማል። በሰማዩ የምታልፈው ደመና በየአራት ሰከንዱ ያችው ደመና ናት። አርባ ዓመት ቱንቢ ጥሎ፣ በውሃ ልክ ለክቶ የገነባ ሰው ጠማማውን ጡብ በጠማማው ላይ ሲጭን ስልኩ «ድንቅ ነው!» ይለዋል።

«አታፍርም?» ትለዋለች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ይሄ ግድግዳ ነው?»

«አይደለም» ይላል፣ ሌላ ጡብ እየጫነ።

ነገሩ በቤት ቢቀር ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን የፋብሪካው የሥልጠና ኃላፊ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ሽቶው ቀድሞት ደረሰ፤ እሱ አምስት ታብሌት ታቅፎ ከኋላ ተከተለ። አምስቱ ተቆጣጣሪዎች ወደ ሦስት ሊቀነሱ ነው አለ፤ ማን እንደሚቀር የሚለየው «ንቁ ዐይን» የተባለ ጌም ነው። ሸሚዞች ከላይ ይዘንባሉ፤ ቀዳዳ ያለበትን በጣት መንካት ነው። ፈተናው ዐርብ። መጨረሻ የሚወጡት ሁለቱ ወደ ልብስ መተኮሻ ክፍል ይዛወራሉ።

መተኮሻ ክፍል ማለት እንፋሎት ማለት ነው፤ ባለሜትሯ ደግሞ አስም አለባት። ከሁለት ዓመት በፊት ለታመመች ተኳሽ ተተክታ ገብታ፣ በአራተኛው ቀን በሁለት ሰው ተደግፋ ነው የወጣችው። ሐኪሙም «ሁለተኛ እንዳትሞክሪው» ብሏታል።

«እማማ፣ እንደ ጨዋታ ይዩት እንጂ አይጨነቁ» አላት ኃላፊው።

«እማማህ ቤት ናት። የዚህ ሸሚዝ ስፌቱ የታለ?»

«ሥዕል ነው እኮ!»

«ሥዕል መሆኑንማ አየሁ። ስፌቱን ነው የጠየቅኩህ።»

ስፌት አልነበረውም። በልምምዱ ከአምስቱ መጨረሻ ሆነች። እያንዳንዱን ሸሚዝ ከኮሌታ እስከ እጅጌ በዐይኗ ስትመረምር፣ ሸሚዙ ወርዶ አልቋል። አንደኛ የወጣችው ሙሉ ቀን ማስቲካ የምታኝከው ተቆጣጣሪ ቁጥር ሁለት ነበረች።

«እትዬ፣ አትመርምሪው» አለቻት በሚስጥር። «ዝም ብለሽ ነካ ነካ አድርጊው።»

ምክሩ በፍቅር የተሰጠ ነው። ባለሜትሯን ግን እንደ ተረሳ መርፌ ወጋት። ተቆጣጣሪ የሚመረጠው ባለመመርመር ከሆነ፣ ሐኪምስ ነገ በምን ሊመረጥ ነው?

ለልምምድ ታብሌቱን ቤት መውሰድ ተፈቅዶ ነበር። ረቡዕ ማታ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቴም ወደቀች። ትንፋሿ ከወዲሁ ያጠረ መሰላት።

«እስቲ ወዲህ በይው» አላት ባሏ።

ሆዱ ላይ አስቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ አስጨፈረ። «ጎበዝ! ጎበዝ! ንስር ዐይን!» አለ ታብሌቱ። ነጥቡ የሷን ሦስት እጥፍ ሆነ።

«አጭበርብረሃል።»

«እንኳን ላጭበረብር አላየሁትም! ዜና ላይ ነኝ።»

ያን ጊዜ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠችና ጌሙን እንደ ሸሚዝ ገለበጠችው። ደኅናውን ሸሚዝ ነካች፤ ቅጣት የለም። ባዶውን ቦታ ነካች፤ ምንም የለም። ያገኘችውን ሁሉ ነካች፤ «ጎበዝ!» ተባለች። ቆጠረችም፤ ከሃያ አራተኛው ሸሚዝ በኋላ የመጀመሪያው ሸሚዝ ያንኑ ቀዳዳ ይዞ ተመልሶ ይመጣል።

«ይሄ ነገር ራሱ አያይም!» አለች።

«የኔስ መች ያያል?»

«ታዲያ ምን ብለህ ታቅፈኸው ትውላለህ?»

ስልኩን ደረቱ ላይ አኖረ። «አርባ ዓመት ስገነባ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ መሬት ነቅነቅ ባለ ቁጥር፣ የቱ ግድግዳዬ ማን ላይ ወደቀ እያልኩ ነው ያደርኩት። ይሄኛው ማንም ላይ አይወድቅም። ውስጡ የሚያድር የለማ!»

ዐይኗን ወደ ታብሌቱ መለሰች። የፋብሪካው ጌም ግን የሚያድርበት ሰው አለው፤ እሷ።

ርካሽ ጌም ሁሉ ይጥፋ የሚሉ ጨዋዎች አሉ፤ ከነሱ ጋር አልሰለፍም። ተንሳፋፊ ጡብ ሶፋ ላይ ጎረቤት አይጎዳም። ያው ጡብ ክራባት አስሮ ቢሮ ገብቶ ሰው ልመዝን ሲል ነው ጉዱ።

ዐርብ በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ሥራ አስኪያጇም መጣች። ተራዋ ሲደርስ ባለሜትሯ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሣጥን ያመጣችውን አንድ እጅጌ ከኪሷ መዛ ዐይኗን ጥብቅ አድርጋ አሰረች።

«እማማ፣ ምን ሆነዋል?» አለ ኃላፊው።

«እንደ ጨዋታ እዪው ብለኸኝ የለ?»

ልብስ እንደሚያጥብ ሰው በአሥር ጣቷ መስታወቱን ፈተገችው። «ጎበዝ! ጎበዝ! ንስር ዐይን!» አንደኛ ወጣች። ቁጥር ሁለት ማስቲካ ማኘኳን አቆመች።

«ይሄ ማጭበርበር ነው! ሁሉንም ነው የነካችው!» ጮኸ ኃላፊው።

«ደኅናውን ስነካ ታዲያ ለምን ዝም አለኝ? እኔ ደኅና ሸሚዝ ብመልስ ሰፊው አንገቴን ነው የሚያንቀኝ።»

ሥራ አስኪያጇ ታብሌቱን ተቀብላ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነካ ነካ አደረገችው። ንስር ዐይን ሆነች። ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው፤ ተደፍቶም ሙዚቃውን እያሰማ ራሱን በራሱ እንኳን ደስ አለህ ይላል።

«ይሄን ማነው የመረጠው?»

ኃላፊው ሳል ያዘው።

«ሰኞ በሸሚዝ ይፈተኑ» ብላ ወጣች።

ሰኞ ለእያንዳንዳቸው መቶ ሸሚዝ ቀረበ፤ በመካከሉ አሥር ብልሽት ተደብቋል። ባለሜትሯ አሥራ አንድ አወጣች።

«አንዱን ተሳስታለች!» አለ ኃላፊው፣ ደስታው ከሽቶው በላይ እያወደ።

ሥራ አስኪያጇ አሥራ አንደኛውን አንስታ ከታች ሁለተኛውን ቁልፍ ሳብ አደረገችው። እጇ ላይ ቀረ።

ባለሜትሯ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም። ጌሙ ወደቀ፤ ቅነሳው ግን አልወደቀም። ቁጥር አንድና ቁጥር አምስት ወደ እንፋሎቱ ሄዱ። የሸሚዙ ብዛት ያው ሆኖ ሳለ ሦስት ሰው እንዴት እንደሚበቃ ጠይቃ ነበር። «ትእዛዙ ከላይ ነው» አላት ኃላፊው። «ከላይ» የሚባለውን ነገር ገልብጣ የምታይበት ጠረጴዛ ገና አላገኘችም።

የዚያን ቀን ቤት ስትገባ ሜትሯን ሳታወልቅ የባሏን ስልክ ተቀበለችው። አንድ ጡብ ጫነች፤ ጡቡ ተንሳፈፈ። «ድንቅ ነው!» አላት። አውራ ጣቷን ከመስታወቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ አድርጋ አስኬደች።

«ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ባሏ።

«ውስጡ ሰው አለመኖሩን እያየሁ ነው።»