ባለቤቴ የጠበሰው ፎሶሊያ

ባለቤቴ በተጋባን በስምንተኛው ዓመት ወጥ ቤት ገባ። ውሃ ሊጠጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ስልኩ ላይ አንድ ሰውዬ ፎሶሊያን ከኮመጠጠ አትክልት ጋር በጋለ ዘይት ጠበስ ጠበስ አድርጎ ሲያወጣ አይቷል። «አሥር ደቂቃ እኮ ነው፤ እናንተ ናችሁ ነገር የምታካብዱት» አለኝ። እናንተ ያለው እኔን፣ እናቱንና ያገሩን ሴት ሁሉ መሆኑ ነው።

ለአሥር ደቂቃው ምግብ አንድ ሳምንት ተዘጋጀ። ጥቅል ጎመንና ካሮት በጨውና በአቸቶ፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ዘፍዝፎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና፣ ጠዋት ማታ እንደ አራስ ይጠይቀው ጀመር። ካዛንቺስ ያሉት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ሳይቀሩ ፎቶውን አይተውታል። ጾም ስለነበር ለቅዳሜ ምሳ እናቱን ጠራ።

ቅዳሜ ጠዋት የሰሊጥ ዘይት ካልሆነ አይሆንም አለ። ቤታችን ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ታክሲ ሳጣ ኡራኤል ድረስ በእግሬ ሄጄ አመጣሁለት። ስመለስ ደግሞ ዝንጅብል ረስቶ ኖሯል፤ እንደገና ወጣሁ። ነጭ ሽንኩርት እጅ ያሸታል ብሎ መላጡን ለእኔ ተወው። ፎሶሊያውንም ያጠብሁትና የከተፍሁት እኔ ነኝ። እሱ ሽርጥ አሰረና አማሰለ። ማማሰሉን ብቻውን እንደ ሠራው እመሰክራለሁ።

አማቴ መጥተው ተቀመጡ። ፎሶሊያው ውጪው አሯል፣ ውስጡ ጥሬ ነው፤ ጎመኑ ጥርስ ያጠርሳል። እሳቸው ግን ገና በመጀመሪያው ጉርሻ «እጅህ ይባረክ» አሉት፤ ሦስት ጊዜ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔ አቸቶው ነው እላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አብልቻቸው፣ ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና «ጨው አላነሰውም?» የሚል ነው። ይህ ሳያንስ ወደ እኔ ዞረው፣ እሱ ይሄን ሁሉ ሲለፋ አንቺ ምን ትሠሪ ነበር ብለው ጠየቁኝ። እየተላላክሁ ነበር አልኳቸው። ሌላ የመጣልኝን ከጎመኑ ጋር ዋጥሁት።

ስልክ ተደወለለትና በረንዳ ወጣ። ስለ ምግቡ ለደዋዩ ሲያብራራ ይሰማል። ይሄኔ አማቴ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሽሮ ይኖርሻል?» አሉኝ።

የትናንት ነበረኝ። ወጥ ቤት ቆመን፣ እንደ ሌባ እየተጣደፍን፣ ቀዝቃዛውን በላን። ታዲያ ያ ሁሉ ምርቃት ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባቱ አንድ ቀን ምስር ሠርቶ ነበር» አሉኝ። «ሳቅሁበት። ከዚያ እስኪሞት ድረስ ብቻዬን ሠራሁ።»

የበረንዳው በር ሲንቋቋ አፋቸውን ጠርገው ሳሎን ተመለሱና ፎሶሊያውን ደግመው ጎረሱ። ባለቤቴ ምን እንደምል ለመስማት፣ የዳኛ ውጤት እንደሚጠብቅ ተወዳዳሪ ቆሞ ያየኛል። እጅህ ይባረክ አልኩት። ከጥሬው ፎሶሊያ ይልቅ ያ ቃል አነቀኝ። አራት መጥበሻና ሁለት ድስት ያጠብሁትም እኔው ነኝ፤ የዕለቱ ብርቱ ሰው ደክሞት ጋደም ብሏል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይነግረው ወጥ ቤት ገባ። እኔ ሳሎን ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆይቶ መክተፊያው የት ነው ብሎ ተጣራ። ከመደርደሪያው ሥር ነው አልኩት፤ አልተነሳሁም። ሽንኩርቱን ራሱ ላጠ። አፍንጫውን ሲስብ ይሰማኝ ነበር።