ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት

ሳጥኑ በተከፈተ ዕለት ሌላው ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን ሲያይ ጓደኛዬ የምታየው እኔን ነበር። መከዳቴን ያወቅሁት በዚህ ነው።

አዲስ አበባ ፊዚክስ ስንማር በክፍላችን የነበርነው ሴቶች ሁለታችን ብቻ ነን። ስለዚህ መጀመሪያ የተቀራረብነው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ኋላ ግን እህትማማች ሆንን። ቶሮንቶም ለዶክትሬት ተከታትለን መጣን፤ ፍሌሚንግደን ፓርክ አንድ ቤት ተከራይተን፣ በአንድ ፕሮፌሰር ሥር፣ ከአቶም እጅግ ያነሰ አንድ አዲስ ቅንጣት ስንፈልግ አራት ዓመት ኖርን።

ቅንጣቱ ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም። ጄኔቫ አጠገብ ከመሬት በታች ፕሮቶኖችን የሚያጋጨው ትልቁ ማሽን፣ እኛ ገና ተማሪ ቤት ሳለን ዓለም ያጨበጨበለትን ቅንጣት ካገኘ ወዲህ ያን የሚያህል ዜና አላመጣም። ሁለተኛውን እኛ እናመጣዋለን ብለን ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ከልቤ አምኜበታለሁ።

ሥራው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። አዲሱ ቅንጣት ካለ ብቅ ይልበታል የተባለው የዳታ ክፍል ተሸፍኖ ይቆያል፤ ሳጥን የምንለው እሱን ነው። ስሌቱ አልቆ በኮሚቴ እስኪጸድቅ ማንም አያየውም፤ ካየን የምንመኘው እስኪወጣ ድረስ ስሌቱን መነካካታችን አይቀርማ። ቁልፍ ግን የለውም። ኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር የለወጠ ሁሉ ያየዋል፤ የሚጠብቀው ቃላችን ብቻ ነበር።

ማርች ላይ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ፕሮፌሰሩ ቢሮው ጠርቶ ሌላ ቡድን ውስጥ ቦታ እንዳገኘልኝ ነገረኝ። ያንን የታወቀውን ቅንጣት ይበልጥ በጥራት የሚለካ ቡድን ነው፤ ባዶ እጅ የማያስቀር ሥራ። እስከ ዓርብ አስቢበት አለኝ። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ ምን ይሻለኛል ብዬ እሷን ጠየቅኋት።

«እንዳትሄጂ» አለችኝ። «ይሄን ያህል ፑሽ አድርገን? የእኛው ይሻላል።»

ቦታውን አልፈልግም አልኩ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቅዳሜ እሑድ ሳልል ሠራሁ። በመሃል እሷ አንድ ባንክ ሥራ አገኘች፤ ዲግሪዋን እንደያዘች ልትጀምር። እኔ ቂሏ ደስ ብሎኝ ኬክ ገዛሁላት።

ሳጥኑ ባዶ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው የግራፍ መስመር፣ ቅንጣቱ ይኖርበታል በተባለው ቦታ ሁሉ ጉብ ሳይል አለፈ። ባዶም ውጤት ነው፤ ከጄኔቫ በስክሪን የገቡት የኮሚቴው ሰዎች በጨዋነት አመሰገኑን። እኔ ዞር ስል ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። መርዶ ሊነግሩ የመጡ ዘመዶች ባለቤቱ እስኪሰማ ድረስ እንዴት እንደሚያዩት የሚያውቅ ያውቀዋል። እነሱ ቀድመው ሰምተዋል።

ኮሪደር ላይ «መቼ ነው ያየሽው?» አልኳት።

ትክዳለች ብዬ ነበር። «ጃንዋሪ» አለች። «ኮዱን ቴስት ሳደርግ። አንዴ ብቻ።»

«ማርች ላይ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር።»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበራ። ብቻዬን ደግሞ ፊኒሽ አላደርገውም።»

እንዲህ ያለ ንዴት በዕድሜዬ ተናድጄ አላውቅም። ማየቷን ይቅር እላት ነበር፤ እኔንም ልክፈተው ልክፈተው እያለ እጄን ስንቴ በልቶኛል። ያቺን «የእኛው ይሻላል» ግን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ክንዴን ይዛ ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት የኮዱን የለውጥ መዝገብ ከጃንዋሪ ጀምሮ መስመር በመስመር አየሁና ወደ ፕሮፌሰሩ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ካየች በኋላ በስሌቱ ላይ የተለወጠ ነገር አለ ወይ?

«የለም» አልኩት።

እፎይ አለ። ለኮሚቴው መንገር እንዳለብን ነግሮኝ፣ «ደግነቱ ውጤቱ አልተጎዳም» አለ።

እውነቱን ነው፤ ውጤቱ ምንም አልሆነም። ወጥቼ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚሄደው አውቶቡስ መጣ፣ አሳለፍኩት። ሁለተኛውንም አሳለፍኩት። ቤት ያለችው እሷ ናት።