ትርንጎው የጠጣው ኮሶ

በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ በአሰበ ተፈሪ ከተማ እንደ ጸሐፊው ጎበዜ ኮሶ የሚያዘወትር ሰው አልነበረም። ሌላው በሁለት ወሩ የሚጠጣውን እሱ በየወሩ ይጠጣል፤ አንዳንዴም ወሩ ሳይሞላ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቹ "የዚህ ሰው ሆድ ምን ዓይነት ጉድ ነው የተሸከመው?" እያሉ ያዝኑለት ነበር። ማዘናቸው ባልከፋ፤ ነገር ግን ጎበዜ በልጅነቱ አንዴ ሞክሮ ካስመለሰው ወዲህ አንዲት ጉንጭ ኮሶ ወደ ሆዱ አውርዶ አያውቅም።

ኮሶ የጠጣ ሰው ክብሩ ትልቅ ነው። ያን ቀን እንግዳ አይገባበትም፣ አለቃ አይጠራውም፣ ባለጉዳይ አይጨቀጭቀውም። ደጅ የመጣውን ሁሉ "መድኃኒት ወስዷል" ብሎ መመለስ ነው፤ ይህን ሰምቶ የሚቀየም የለም። ዳኛ እንኳ ቀጠሮ ያሻግራል።

ጎበዜ የሚፈልገው ይህን የተዘጋ በር ነበር። ከሚስቱ ከፈለቀች ጋር ከቡልጋ ተዛውሮ ሲመጣ የተከራየው ቤት መኪና መንገዱ ዳር ነው። ወደ ሐረር የሚያልፍ የአገር ሰው እዚያ ያድራል፤ ወደ አሰቦት ገዳም የሚወርድ ተሳላሚ እዚያ ያርፋል፤ የሚኤሶ ባለጉዳይ ጎህ ሳይቀድ አቤቱታውን ይዞ ደጁ ላይ ይቀመጣል። ፈለቀች እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ከባሏ ጋር ብቻዋን ማዕድ ቀርባ አታውቅም፤ ከኮሶው ቀን በቀር።

ያን ቀን በሩ ይቀረቀራል። ከገበያዋ መድኃኒት ሻጭ ከመይሙና የተገዛው ኮሶ ተበጥብጦ በጓሮ በኩል ከትርንጎው ዛፍ ሥር ይደፋል። በአሰበ ተፈሪ ከትል የጸዳ ፍጡር ነበረ ከተባለ ያ ትርንጎ ነው። ከዚያ ባልና ሚስት ገበጣ ይጫወታሉ። በሰው ፊት አንቱ የምትለው ፈለቀች ያን ቀን "አንተ" እያለች፣ ጠጠር ሲሰርቅ እጁን ትመታዋለች። ለኮሶው ማሻሪያ ተብሎ የታረደውን ዶሮ ሁለቱ ብቻ ይበሉታል። ጎረቤት እንዲሰማም ጎበዜ አልፎ አልፎ "ወይኔ ሆዴ! ወይኔ አንጀቴ!" ብሎ ይጮኻል።

"ቀስ በል እንጂ" ትለዋለች ሳቋን በነጠላዋ እያፈነች። "የሞትክ መስሏቸው ለቀብር ይመጡብናል።"

እንዲህ ሲኖሩ የትል ክኒን መጣ። ያመጣው የክሊኒኩ ድሬሰር አጥናፉ ነው፤ ነጭ ጋዋኑን ለገበያም የማያወልቅ፣ ኮሶ ሲባል ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጥቶ ለአለቃው ለቀኛዝማች ብሩ፣ "ጌታዬ፣ ይህን ጠዋት ውጦ ከሰዓት ሥራ መግባት ይቻላል" አላቸው። ቀኛዝማች ከዚህ ንግግር ውስጥ የሰሙት "ሥራ መግባት" የሚለውን ብቻ ነው።

ሠራተኛውን ሰብስበው፣ "ከእንግዲህ የኮሶ ቀን የሚባል ፈቃድ ቀርቷል" አሉ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ትል ያለበት ለአጥናፉ ይንገር፣ ክኒኑን ይዋጥ፣ ወንበሩ ላይ ይገኝ።"

ጎበዜ በስብሰባ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ቀን ግን የተዘጋው በር በዓይኑ ላይ ሄደበትና ብድግ አለ።

"ጌታዬ፣ ክኒን የተሠራው ለፈረንጅ ሆድ ነው። የእኛ ትል ጥሬ ሥጋና ሚጥሚጣ ያሳደገው ነው፤ በነጭ ክኒን አይደነግጥም! አባቶቻችን ለቁርጠት ጤና አዳም፣ ለምች ዳማከሴ፣ ለትል ኮሶ ሲሉ የኖሩት ክኒን አጥተው ነው?"

"አዎ፣ አጥተው ነው" አለ አጥናፉ።

የሰማው ግን አልነበረም። አዛውንቱ ዘበኛ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። ጎበዜ ራሱ በገዛ ንግግሩ ተነካ። ቀኛዝማችም ልባቸው ራራ።

"በጎ ተናገርህ። እንግዲያው ነገ ጠዋት እዚሁ ግቢ በፊታችን ጠጣ። አጥናፉም ይመልከት። ትሉን ካወጣው ኮሶ ይከበራል።"

ቤቱ ደርሶ ሲነግራት ፈለቀች ትክ ብላ አየችው።

"ምን ትል አለህና ነው የሚወጣው?"

ይህን አላሰበበትም ነበር።

በማግሥቱ መይሙና በደንበኛዋ ኮርታ ኮሶውን ራሷ በጥብጣ አመጣች። "ሄቶው፣ ኮሶው፣ ከቁኒ ደጋ የመጣ ነው፣ ንጹሕ። በል ጋሼ፣ ቢስሚላህ ብለህ ሳብ አድርገው" አለችው። ጎበዜ ቅሉን አንስቶ ጨለጠው። ፊቱ ሲጨማደድ ያየ ሁሉ፣ የለመደ ሰው እንዲህ ነው እንዴ ብሎ ተገረመ። ፀሐይ ከረር ሳትል ጎበዜ ወደ ጓሮ ሮጠ። አጥናፉ ተከትሎት ሄደ፤ በእንጨት ቆስቁሶ መረመረ፤ ደግሞ መረመረ።

"ትሉ ከነራሱ ወጥቷል" አለ በመጨረሻ፣ ከአንጀቱ እያዘነ።

ከሁሉም በላይ የደነገጠው ጎበዜ ነው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሲዋሽ የኖረው እውነቱን ነበር!

ቀኛዝማች በደስታ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። "ኮሶ አሸነፈ! ደግሞስ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ? ገና ረፋድ ነው! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ኮሶ የሚጠጣ ሁሉ እዚሁ ግቢ ይጠጣ። ሽንት ቤቱም ቅርብ፣ ወንበሩም ቅርብ!" ሁሉም አጨበጨበ። ጎበዜም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ በሩን ሊያስዘጋ የተሟገተው ሰው በሩ ተበርግዶ ቀረ። "የባህል መድኃኒት አዋቂ" ተብሎ ስሙ እስከ ገለምሶ ደረሰ። ወገቡን ያመመው፣ ልጅ ያጣችው፣ ዓይኑ የፈዘዘው ሁሉ ከአገር ሰውና ከባለጉዳዩ ጋር እየተጋፋ ቤቱን ሞላው። ጎበዜ በስብሰባው ላይ ከጠራቸው ቅጠሎች ሌላ አያውቅም። ስለዚህ ለመጣው ሁሉ ነጭ ሽንኩርት በማር ያዝዛል፤ ማንንም አይገድልም ብሎ።

አንድ ቀን በክሪ የሚባል የሚኤሶ አርብቶ አደር፣ ወባ የሚያንቀጠቅጣትን ሴት ልጁን ታቅፎ መጣ። ጎበዜ ግንባሯን ሲነካው እሳት ነው። የሽንኩርቱ ጨዋታ እዚያ ላይ አለቀበት።

"ወደ አጥናፉ ውሰዳት! አሁኑኑ!"

"አንተ ካልነካኸው መድኃኒት አልሰጣትም" አለ በክሪ፣ ፍንክች ሳይል።

ጎበዜ ልጅቱን ነጥቆ እየሮጠ ክሊኒክ አደረሳት፤ አጥናፉ የሰጠውን ክኒንም በራሱ እጅ አስዋጣት። ልጅቱ ዳነች። በክሪም በየደረሰበት፣ "ክኒንስ ድሮም ነበር። ያዳናት የጎበዜ እጅ ነው" እያለ አወራ። አጥናፉ ይህን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ተነሣ። የጎበዜ እንግዳም እጥፍ ሆነ።

ያን ሰሞን ፈለቀች ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኛት።

"ድሮ በወር አንድ ቀን ባል ነበረኝ" አለችው። "አሁን እሱንም ትል ወሰደብኝ።"

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። በዚህች ዓለም ላይ ከእሷ ሌላ ማን አለው? ያንን ሁሉ ውሸት የዋሸው ለማን ሆነና?

በገበያ ቀን፣ አገሩ ሁሉ በሚያልፍበት ሰዓት፣ ጎበዜ ሄዶ ክሊኒኩ ደጅ አግዳሚው ላይ ጉብ አለ። ከጥሬ ሥጋ ተለይቶ ስለማያውቅ ትሉ ተመልሶበት ነበር፤ በዚህ እንኳ አልዋሸም።

"አጥናፉ! የትል ክኒን ስጠኝ!" አለ ገበያው እስኪሰማ።

"አንተ?" አለ አጥናፉ፣ ያላገጠበት መስሎት።

"እኔ ነኝ። ስጠኝ።"

ተነሥቶ ቆመ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሁሉም እያየው ዋጠው። ከማዶ መድኃኒቷን ዘርግታ የተቀመጠችው መይሙና ጭኗን መታች። "ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ጉድ ሠራኝ!" ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ "ለካ ራሱ ክኒን ኖሯል የሚውጠው!" የሚለው ወሬ ከተማውን አዳረሰ።

በሽተኛው ቀረ። ያፈረበት የአገር ሰው ሌላ ቤት ማደር ጀመረ። ባለጉዳዩም፣ ቃሉን ያጠፈ ጸሐፊ ምን ይፈይድልኛል ብሎ ወደ ሌላው ዞረ። ኮሶ የቀረበት ትርንጎም በዚያው ዓመት ትል ያዘው።

ፈለቀች በሩን ገፋ አደረገችው እንጂ አልቀረቀረችውም፤ የሚመጣ የለማ። ገበጣውን ከሣጥን ሥር አወጣች። ጎበዜ ጠጠር ሲሰርቅ እጁን ተመታና በልማዱ፣ "ወይኔ ሆዴ! ወይኔ አንጀቴ!" ብሎ ጮኸ።

ፈለቀች ወደ ደጅ ጆሮዋን ጣለች። መንገዱ ጸጥ ብሏል።

"ለማን ነው የምትጮኸው?" አለችው። "አሁን እኮ የምሰማህ እኔ ብቻ ነኝ።"

ጎበዜ ጥቂት አሰበና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወይኔ ሆዴ" አላት።